አቶ እሺ አልነጣም አለ

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለሚጣ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? የባዕድ አገሩ ብርድስ? እኔ ከወገቤና ከጎረቤቶቼ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፣ ተመስገን። ብንደዋወል እንደሚቀልሽ አውቃለሁ። ግን የስልክ ወሬ ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰው የናፈቀ ቀን አውጥቶ ያነበዋል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አቶ እሺ ነው። መቼም አትረሺውም፤ ነጩ የፕላስቲክ ውሻ፣ አንገቱ ውስጥ ሞላ ያለው፣ ነካ ሲያደርጉት ራሱን እየነቀነቀ ለሁሉም «እሺ፣ እሺ» የሚለው። አንቺም በሁለት ዓመትሽ ስቱዲዮዬን በለቅሶ ስታናውጪው ዝም ያሰኘሽ እሱ ነው። በዚህ ከተማ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ እሱን አቅፎ ፎቶ ተነሥቷል ብል ዋሸህ የሚለኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አስተማሪ መጣች። ሕፃን ሆና ከእሱ ጋር አንሥቻታለሁ። አሁን የራሷን ልጅ ታቅፋ «ጋሼ ፎቶ፣ ልክ እንደኔው አድርገው ያንሡልኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ከመደርደሪያው ሳወርደው ደነገጥኩ። ቢጫ ሆኗል። ቢጫ ስልሽ የአጫሽ ጥርስ! አፈርኩና «ሞላው ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ነይ» ብዬ መለስኳት። ደንበኛ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ደንበኛም እንደ ድሮው አይደለም። ሁሉም በስልኩ ራሱን ያነሣል። ከጠዋት ጀምሮ በሩን ከፍቼ የሚገባው አቧራ ብቻ የሚሆንበት ቀን አለ። ስለዚህ ይህቺ ልጅ እንዳታመልጠኝ እፈልጋለሁ። አንቺ ሥራዬ ያረጀ አሻንጉሊት ማንጣት ነው ብለሽኝ ነበር። እንዴት ነው የሚደረገው? ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ዘዴውን ብቻ ላኪልኝ።

ክፉ አይንካሽ።
ጋሼ ፎቶ

ኅዳር 6 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የምኖረው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው፤ እሑድ እሑድ አብረን እናበስላለን፣ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ነው። ስለ እኔ ምንም አያስቡ።

አቶ እሺን እንዴት እረሳዋለሁ! ቢጫ ያደረገው ብርሃን ነው፣ ጋሼ። ያ ዓይነት ፕላስቲክ እሳት ቶሎ እንዳይበላው ተብሎ የሚጨመርበት ነገር አለ፤ እሱ ከፀሐይና ከዓመታት ጋር ሲገናኝ መልኩን ይለውጣል። የኛ ሱቅ ደንበኞች ጸጉራቸው የሸበተ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በልጅነታቸው የተጫወቱበትን፣ ወይም አምሯቸው ያልተገዛላቸውን መኪናና ሮቦት ከየትም ፈልገው ያመጡና «እንደ ጥንቱ አድርጊልኝ» ይላሉ። እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ በመብራት ሥር አነጣዋለሁ። አለቃዬ ደህና ሰው ነው። በቀን አሥር ቃል ይናገራል፣ ስድስቱ «ተጠንቀቂ» ነው።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ብሎኖቹን ፈትተው ሞላውን ያውጡ፤ ብረት ከመድኃኒቱ ጋር አይስማማም። አካሉን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ከዚያ ፀጉር ሠሪዎች ቀለም የሚበጠብጡበትን ነጭ ክሬም፣ ኦክሲጅን የሚሉትን፣ ጓንት አድርገው እኩል ይቀቡት። ዓይንዎ ውስጥ እንዳይገባ አደራ። በስስ ፌስታል ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ያውሉት። ክሬሙ መድረቅ የለበትም፤ የደረቀበት ቦታ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። በየግማሽ ሰዓቱ ያገላብጡት። እኔም እዚህ እንደዚያው ነው የማደርገው፣ ምሳዬንም የምበላው በሁለት ማገላበጥ መሐል ነው። አራት ሰዓት ይበቃዋል። ካልበቃው በሌላ ቀን ይድገሙት።

አስተማሪዋን ሰላም ይበሉልኝ።
ሚጣ

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ቤትሽን በሰው ይሙላልሽ። ያዘዝሽኝን አንድም ሳላጎድል አደረግኩ። ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄጄ «ኦክሲጅን ስጪኝ» ስላት በራዬን አየችና «ጋሼ፣ የቱን ሊቀቡት ነው?» አለች። «ለውሻ ነው» አልኳት። «ውሻ ደግሞ መቼ ያዙ?» ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባየችኝ ቁጥር ውሻው ቀላ ወይ ትለኛለች።

ጣሪያው ላይ ወንበር አውጥቼ ከአቶ እሺ ጋር ዋልኩ። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ከመስኮቷ ሆና ታየኝ ነበር፤ በኋላ ልብስ መስፋቱን ትታ ጃንጥላ ይዛ መጣች። «ለእሱ ፀሐይ፣ ለእርስዎ ጥላ» አለችኝ። እሷ ሰዓት ትጠብቃለች፣ እኔ አገላብጣለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በየግማሽ ሰዓቱ የሚፈልገኝ ነገር አልነበረኝም። ደስ አለኝ። አራቱ ሰዓት ሲያልቅ ከፋኝ።

ግን አልነጣም። አጥቤ ሳየው ያው ነው፤ ትንሽ ፈካ ብሎ ይሆናል እንጂ ቢጫው አለ። በሦስተኛው ቀን ደገምኩት፣ ያው ነው። ልብስ ሰፊዋን «እንዴት ነው?» ስላት «አምሯል» አለች። እሷ ደግሞ ለሰው ሁሉ አምሯል ነው የምትለው። ከዚህ ጠንከር ያለ መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፊልኝ። አስተማሪዋ ሁለቴ ላከችብኝ።

ጋሼ ፎቶ

ጥር 15 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጓደኞቼም ሰላም ይሉዎታል።

ነገሩ ገርሞኛል። ሁለቴ ተቀብቶ፣ በዚያ ፀሐይ ቀኑን ውሎ የማይነጣ ፕላስቲክ አላጋጠመኝም። ጠንካራውን መድኃኒት ግን አልነግርዎትም፣ ይቆጡኝ። ሲበዛበት ፕላስቲኩ ኖራ ይመስላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥዬ፣ የአንድ ሰው የሚያምር መጫወቻ ባቡር በእጄ ተሰብሮብኝ ያውቃል፤ ባለቤቱ አልተናገረኝም፣ ፍርፋሪውን በመሐረቡ ቋጥሮ ሄደ።

አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አቶ እሺን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡና አጠገቡ አዲስ ነጭ ወረቀት አድርገው አብረው ያንሡልኝ። እኛም ዕቃ ስንቀበልና ስንመልስ እንዲህ ነው የምናደርገው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፣ ወረቀት አይለምድም። ፎቶውን ልከውልኝ እስካይ ድረስ አይንኩት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉን የነበሩት እርስዎ ነዎት።

ሚጣ

የካቲት 20 ቀን

ለሚጣ፤

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ።

እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ አልጠበቅኩም። ስድስት ጊዜ ቀባሁት። በስድስተኛው የግራ ጆሮው በእጄ ላይ ተሰነጠቀ። ድምፁን ስሰማ የራሴ ጆሮ የተሰበረ መሰለኝ። እሱ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ እሺ ይለኛል፣ አልነጣም ብሎ እሺ! ቅቤ ይመስላል እልሻለሁ።

አስተማሪዋ ልጇን ታቅፋ በማዶ በኩል ስታልፍ አየኋት። ወደዚህ አልዞረችም። ሌላ ቦታ አስነሥታው ይሆናል።

ያልሽውን ፎቶ አንሥቼ፣ ቀለሙን ኮምፒውተሩ ላይ አስተካክዬ፣ አትሜ ልኬልሻለሁ። ወረቀቱም አላማረኝም። ነጭ ብለው የሚሸጡት ሁሉ ቢጫ ነው ዘንድሮ። ልብስ ሰፊዋም ለትራሴ መስፊያ ነጭ ክር ሰጠሁዎ ብላ የሰጠችኝ ቢጫ ነው። ዱቄቱም ቢጫ ነው። ዘመኑ የዕቃ ማጭበርበሪያ ሆኗል።

የመድኃኒቱን ስም ላኪልኝ ብዬሻለሁ። ካልላክሽ ትቼዋለሁ፣ ስቱዲዮውንም እዘጋለሁ። ለማን ብዬ ነው የምከፍተው?

ጋሼ ፎቶ

መጋቢት 14 ቀን

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጽፈው ያስቆጣዎታል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። አቶ እሺና ወረቀቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ወረቀቱ ነጭ ከሆነ እሱም ነጭ ነው። እንዲያውም ከመንጣት አልፎ ኖራ ሆኗል። ለአለቃዬ አሳየሁት፤ ከአሥሩ ቃሉ ሦስቱን አወጣና «ይህ ነጭ ነው» አለኝ። ግን ፎቶው ራሱ ሁሉ ነገሩ ሰማያዊ ነው። ወረቀቱም፣ ጠረጴዛውም፣ የያዘው እጅዎም። እርስዎ ቢጫውን ለማጥፋት ሰማያዊ ጨምረውበታል፤ የሌለውን ቢጫ።

ጋሼ፣ ቢጫ የሆነው አቶ እሺ አይደለም። ወረቀቱም ዱቄቱም አይደለም። ደብዳቤዎን ከጥቅምቱ ጋር አስተያየሁት። ያኔ አንድ ገጽ የሞላው ዛሬ ሦስት ገጽ ሆኗል፤ ፊደሉ አውራ ጣት ያክላል፣ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል። ለልብስ ሰፊዋ ስልክ ደወልኩላት። ወሬ ልትለውጥብኝ ሞከረች። ስጫናት አለቀሰች። ደረጃውን በእጅዎ እየዳበሱ እንደሚወርዱ፣ በፀሐይ ያዩት ሰው ሰላም ካላለዎት እንደማይለዩት ነገረችኝ። «እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ፎቶ አንሺ እኮ ናቸው» አለችኝ።

እሷን ልወቅስ አልችልም፤ እኔም አውቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የላኩልኝ የራስዎ ፎቶ ላይ ፊትዎ ሰማያዊ ነበር። እንጀራዬ ቀለም መለየት ነው፣ ጋሼ። ወዲያው አየሁት፤ የማተሚያው ቀለም አልቆ ይሆናል ብዬ፣ እንዳላሳፍርዎ ብዬ «በጣም ያምራል» ብዬ ጻፍኩልዎ። ያኔ አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንደርስም ነበር። እባክዎ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ የዓይን ሞራ ይሆናል፣ ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። ከዘገየ ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ እፈራለሁ።

ሚጣ

ሚያዝያ 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

አርባ ዓመት በዚህ ዓይን በልቻለሁ። ዓይኔ ምንም አልሆነም። አንቺ እዚያ በመብራት ሥር የሰው መጫወቻ ስትቀቢ ውለሽ እኔን ስለ ቀለም ልታስተምሪኝ! ከጎረቤቴም ጋር ስለ እኔ መንሾካሾክ ጀምራችኋል። ሁለታችሁም ተዉኝ።

ሰኔ 18 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ቁጣዎ ደርሶኛል፤ እቀበለዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሣጥኑን እከፍታለሁ። የሚመጣው የቅናሽ ማስታወቂያ ነው። አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ፖስታ በስህተት እኔ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ የሰው ደብዳቤ መሆኑን እያወቅኩ እስከ ደረጃው ድረስ ይዤው ወጣሁ።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ። ሐኪም ቤት ሊሄዱ ተስማምተዋል፣ የፊታችን ወር ቀኝ ዓይንዎን ይሠሩልዎታል አለችኝ። እንዴት እንደተስማሙ ብጠይቃት «እሳቸው ይንገሩሽ» ብላ ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አለቃዬ አየኝና መብራቱን አጥፍቶልኝ ወጣ።

አይፍሩ፣ ጋሼ። አጠገብዎ ሆኜ እጅዎን ብይዝ በወደድኩ። ስላልቻልኩ ፎቶዬን ልኬልዎታለሁ፤ ባለፈው እሑድ ቤት ውስጥ የተነሣሁት ነው። ቀለሙን አልነካሁትም። ዓይንዎ ሲፈታ ይዩኝ።

ፈጣሪ ብርሃንዎን ይመልስልኝ።
ሚጣ

ነሐሴ 21 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለሚጣ፤

ፊደሌን ተመልከቺው። አንድ ገጽ! ሰላምታዬ በዚች በትንሿ ፊደል ይድረስሽ።

ስለ ቁጣዬ አትያዢብኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አንድ ወር ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ተሻግሬ ነጭና ቢጫ ክር በሁለት እጇ እንድትይዝ አደረግኳት። አየሁ፣ አየሁ፣ አየሁ። «ነጩ የቀኙ ነው» አልኳት። «ጋሼ» አለች፣ «ሁለቱም ነጭ ነው፤ እንዳይሳሳቱብኝ ፈርቼ ነው።» እኔን እንዳታሳፍር ቢጫውን ደብቃ ሁለት ነጭ ያዘችልኝ! ሳቅኩ። ሳቄ ግን አልዘለቀም፣ እሷ ፊት አለቀስኩ። በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሞራውን ገፈፈው። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የእሱን ጋዋን ነው። ሚጣ፣ ነጭ እንዲህ ነው ለካ! እንደ ውኃ ፊቴ ላይ ተደፋብኝ። ደስታዬ ስቱዲዮዬ እስክደርስ ነበር። በሩን ከፍቼ ግድግዳውን ሳይ፣ ሙሽሮቹ፣ ተመራቂዎቹ፣ ሕፃናቱ፣ የአራት ዓመት ሥራዬ ሁሉ በብርድ የሞተ ሰው ይመስላል። ይህን ከፍለው ወሰዱት። ይህን አመስግነው ወሰዱት። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ «ጋሼ ምን ሆነው ነው?» አላለኝም። ደንበኛ የወሰደብኝ ስልክ ነው እያልኩ ዓለምን ስሳደብ፣ እኔን ላለማስቀየም በሌላ መንገድ ዞረው ነው የሚሄዱት።

አስተማሪዋ ቤት ሄድኩ። እኔ ያነሣሁትን የሠርጓን ፎቶ ከሳሎኑ አውርዳ መኝታ ቤት ደብቃዋለች፤ ስመጣ አይታ፣ እንዳላዝን መልሳ ልትሰቅለው ስትሮጥ ያዝኳት። «ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት። «ለልጄ ስመጣ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ፊትዎን ሳየው አፌ ተያዘ» አለች። ልጇን አምጥታ አነሣሁላት። አቶ እሺ ኖራ ለብሶ፣ ጆሮው ተሰንጥቆ፣ ሕፃኑ የተሰነጠቀውን ጆሮ በአፉ ሊይዝ ሲታገል። ቀለሙን ሰው አስጠርቼ አብረን አስተካከልነው። ከእንግዲህ ብቻዬን አላስተካክልም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ፎቶሽን አየሁት። በአዲሱ ዓይኔ፣ ፊልም አጉልቼ በማይበት ሌንሴ፣ ሙሉ ከሰዓት አየሁት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔ ነኝ፤ ሆኖም ሥራዬ ይህ ነውና እነግርሻለሁ።

ፎቶውን ማንም አላነሣሽም። ሰው ያነሣው ሰው ዓይኑ ወደ ሰው ያያል፤ ጓደኛ ካነሣው ደግሞ ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ ሳቅ አይጠፋም። አንቺ ማሽኑን ነው የምታዪው። የካሜራውን ሰዓት ሞልተሽ፣ ሮጠሽ ሄደሽ ተቀምጠሽ፣ ትንፋሽሽ ገና አልሰከነም፤ የቀኝ ትከሻሽ ያሳብቃል። የሚታየው ሁለት ወንበር ነው፤ አንዱ ላይ አንቺ ተቀምጠሻል፣ ሌላኛው ላይ ልብስ ተቆልሏል፣ ከተቆለለም ቆይቷል። ዕቃ ማድረቂያው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። የእሑድ ምግብ ለሦስት ሰው ያበሰለ ቤት ማድረቂያው እንዲህ አይሆንም። ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰሻል። ጉንጭሽ ጎድጉዷል፣ እሱም የብርሃን ጥፋት አይደለም፤ ብርሃኑ ደህና ነው።

በመጀመሪያ «ቆንጆ ወጥተሻል» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ብዕሩን አንሥቼ «ቆን» ብዬ ጀምሬም ነበር። ይህ ከተማ አራት ዓመት ሙሉ «ያምራል» እያለ ሊያሳውረኝ ነበር፤ እኔ አንቺን እንደዚያ አላደርግሽም።

ምን ሆነሻል፣ ልጄ?